አሠልጣኝ ይቅጠሩ፤ ግን የሚያበቃበትን ቀን አስቀድመው ይወስኑ

ውድ አንባቢ፣ ሐኪምዎ የደም ምርመራዎን ውጤት እያዩ «ስኳርዎ ወደ መስመሩ እየተጠጋ ነው፤ ክብደት ይቀንሱ፣ ሰውነትዎን ያንቀሳቅሱ» ብለውዎታል እንበል። ቤት ሲገቡ ባለቤትዎም ያንኑ ደገሙልዎ። በማግሥቱ አንድ ወጣት ከታክሲዎ ሲወርድ፣ ወይም ከሱቅዎ ወተት ሲገዛ፣ «የግል አሠልጣኝ ነኝ፤ በሦስት ወር ሌላ ሰው አደርግዎታለሁ» ብሎ ካርዱን ሰጠዎ። ካርዱ አሁን ከመኪናው መስታወት ሥር ወይም ከገንዘብ መሳቢያው ውስጥ ተቀምጧል። እርስዎም «ልቅጠረው ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ ነው።

ይህ ዓምድ ስለ ቪዛ፣ ስለ ግብርና ስለ ሱቅ ኪራይ ውል የሚያወራ ነው፤ ስለ ስፖርት ምን አገባው? ይሉ ይሆናል። ጉዳዩ ግን የሥራ ጉዳይ ነው። እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ በቪክቶሪያ የታክሲ ባለንብረት የሆነ ሰው ፈቃዱን እንደ ጡረታው ይቆጥረው ነበር። በደጉ ዘመን የአንድ የሜልቦርን ታክሲ ፈቃድ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣ ነበር። በዚያ ዓመት ኦክቶበር ወር ሕጉ ተለውጦ ፈቃዶቹ ሲሰረዙ ያ ጡረታ አብሮ ሄደ። ዛሬ የታክሲ ሰው ዋና ንብረቱ መኪናው አይደለም፤ መኪናውን የሚነዳው ገላው ነው። ባለሱቁም ቢሆን ያው ነው። እሱ ሲተኛ ሱቁም ይተኛል፤ የሕመም ፈቃድ የሚከፍለው አሠሪ የለውም።

የእኔ አስተያየት አጭር ነው። አሠልጣኝ መቅጠር ቅንጦት አይደለም፤ ሞኝነትም አይደለም። ነገር ግን አሠልጣኝ መምህር እንጂ ሞግዚት አይደለም። የሚማሩትን ነገር ለይተው፣ የሚያበቃበትንም ቀን ወስነው ቢቀጥሩት ይጠቅማል። ምን እንደጎደለዎ ሳያውቁ «እሱ ያስጀምረኛል» ብለው ለዓመት ቢፈርሙ ግን ገንዘብዎ ይሄዳል፤ ቦርጭዎ ይቀራል።

መቀመጥ ምን ያደርጋል?

በ1953 እ.ኤ.አ. የብሪታንያው ሐኪም ጄሪ ሞሪስና ባልደረቦቻቸው ስለ ለንደን አውቶቡስ ሠራተኞች ያደረጉትን ጥናት «ላንሴት» በተባለው የሕክምና መጽሔት አወጡ። ሹፌሩ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ይነዳል። ቲኬት ቆራጩ ደግሞ በባለ ፎቁ አውቶቡስ ደረጃ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ሁለቱም የአንድ ድርጅት ሠራተኞች ናቸው፤ በልብ ሕመም በብዛት የሚጠቃው ግን ተቀማጩ ሹፌር ሆኖ ተገኘ። ከተላማሪን አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ተነስቶ ሌሊቱን ሙሉ የሚነዳ ወገናችን ይህን ጥናት ስለ እርሱ እንደተጻፈ አድርጎ ቢያነበው አይሳሳትም። ባለሱቁም «እኔ ቆሜ ነው የምውለው» ብሎ አይጽናና፤ ከገንዘብ መቀበያው ጀርባ መቆም መንቀሳቀስ አይደለም።

ልብ ይበሉ፤ ቲኬት ቆራጩ የሚንቀሳቀሰው በደረጃው እንጂ በአሠልጣኝ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻን የሚያጠነክር ሥራ ይመክራል። 150 ደቂቃ ለሰባት ቀን ሲካፈል በቀን 20 ደቂቃ ገደማ ፈጠን ያለ እርምጃ ማለት ነው። ለዚህ ለዚህ ማንም ሰው ካርድ ሊሰጥዎ አያስፈልግም።

ለሹፌር ደግሞ ሌላም ነገር አለ። ተሳፋሪ የሚያመላልስ ሹፌር የሚመዘነው የግል መኪናውን ብቻ ከሚነዳ ሰው በጠበቀ የጤና መለኪያ ነው። የስኳር ሕመም መድኃኒት ወደ መውሰድ ሲደርስ፣ ይልቁንም ወደ ኢንሱሊን ሲያልፍ፣ መንጃ ፈቃዱ ቅድመ ሁኔታ የሚደረግበትና በየጊዜው የሐኪም ማረጋገጫ የሚጠየቅበት ይሆናል። ይህን ፈርቶ ሕመምን መሸሸግ ግን በሕግም ያስጠይቃል፣ በነፍስም ያስከፍላል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? ይልቅ ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

«የሯጭ አገር ሰው ምን አሠልጣኝ ያስፈልገዋል?»

ይህን አባባል ፉትስክሬይ ኒኮልሰን ጎዳና ቡና እየጠጣን ደጋግመን የምንሰማው ነው። አነጋገሩ ደስ ይላል፤ ታሪኩ ግን ሌላ ነው። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ የተካፈለችው የት እንደሆነ ያስታውሳሉ? እዚሁ፣ የምንኖርባት ሜልቦርን ውስጥ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ነው። ዛሬ ተሳፋሪ በምናወርድበት በሜልቦርን ክሪኬት ግራውንድ ሜዳ ወጣቱ ማሞ ወልዴ በ800ና በ1500 ሜትር ሮጦ ከማጣሪያው አላለፈም። ቡድናችንም ያለ ሜዳሊያ ተመለሰ። ያው ማሞ ከ12 ዓመት በኋላ በሜክሲኮ የማራቶን ወርቅ፣ የ10 ሺህ ሜትር ብር አገኘ፤ በ1972 ሙኒክ ላይም በ40 ዓመቱ የማራቶን ነሐስ ጨመረ። አበበ ቢቂላም በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው በስዊድናዊው ኦኒ ኒስካነን እየሠለጠነ ነው። ከዚያ በኋላ የመጡት ጀግኖቻችንም ከኋላቸው እንደ ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ያሉ አሠልጣኞች ነበሯቸው።

ስለዚህ አሠልጣኝ መያዝ ለሯጭ አገር ሰው አያሳፍርም። ነገር ግን ኒስካነን አበበን ከአልጋው ሊያስነሳው አልነበረም የመጣው። አበበ መሮጥ ቆርጦ ነበር፤ አሠልጣኙ እንዴት እንደሚሮጥ አሳየው። ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው።

የጎደለዎ ምንድን ነው?

ካርዱ ላይ ያለውን ስልክ ከመደወልዎ በፊት ይህን አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ። መልሱ ከአራቱ አንዱ ይሆናል።

የመጀመሪያው ጤና ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የልብ ሕመም፣ የማይለቅ የወገብ ወይም የጉልበት ሕመም ካለብዎ፣ ወይም ሲንቀሳቀሱ ደረትዎን የሚይዝዎ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በር የጂም በር ሳይሆን የሐኪምዎ በር ነው። ስድስት ወርና ከዚያ በላይ የቆየ ወይም የሚቆይ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪሙ የሕክምና ዕቅድ ሊያወጣለት ይችላል። በዚህም ዕቅድ በዓመት እስከ አምስት ጊዜ የተለያዩ የጤና ባለሙያዎችን በሜዲኬር ድጋፍ ማየት ይቻላል። ከእነዚህም አንዱ ኤክሰርሳይስ ፊዚዮሎጂስት የሚባለው ነው፤ ዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት ተምሮ ለታመመ ሰው እንቅስቃሴን እንደ መድኃኒት የሚያዝ ባለሙያ። ባለሙያው ሜዲኬር ከሚመልሰው በላይ ሊያስከፍል ስለሚችል ቀድመው ዋጋ ይጠይቁ። ለግል አሠልጣኝ ግን ሜዲኬር አንድ ሳንቲም አይከፍልም። ስንቱ ወገናችን ነው በሜዲኬር የሚገባውን ትቶ ከኪሱ ሲከፍል የኖረው! እንግሊዝኛው ካስቸገረዎ ሐኪሙ በ131 450 አስተርጓሚ እንዲያስቀርብልዎ ይጠይቁ፤ እርስዎ አይከፍሉም። በተማሪ ወይም በጊዜያዊ ቪዛ ላይ ያለ ዘመድ ከሆነ ግን ሜዲኬር ይኑረው አይኑረው መጀመሪያ ይጣራ።

ሁለተኛው ዕውቀት ነው። ጤናዎ ደህና ነው፤ ጂም ቢገቡ ግን የትኛውን ብረት እንዴት እንደሚያነሱ አያውቁም፤ ወገብዎን እንዳይሰብሩ ይፈራሉ። አሠልጣኝ የሚያስፈልገው እንግዲህ ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። መኪና መንዳት ያስተማረን ሰው እስከ ዛሬ ከጎናችን አልተቀመጠም፤ አስተምሮን ወረደ። አሠልጣኝም እንደዚሁ ነው። አምስት ስድስት ጊዜ ተገናኝታችሁ ራስዎን ችለው የሚሠሩት ዝርዝር በእጅዎ ይግባ። ከዚያ በሁለት በሦስት ወር አንድ ጊዜ ተመልሰው ቢያሳዩት ይበቃል።

ሦስተኛው ጊዜ ነው። አሠልጣኝ ጊዜ አይሸጥም፤ እንዲያውም ከእርስዎ ይወስዳል። እኔ ይህን በገንዘቤ ተምሬዋለሁ። የ12 ሳምንት ክፍያ በአንድ ጊዜ ከፍዬ፣ ቀጠሮውን ከሌሊት ሺፍት በኋላ ጠዋት ላይ አደረግሁት። በመጀመሪያው ሳምንት በጉጉት ሄድኩ፤ በሁለተኛው እያዛጋሁ ሄድኩ፤ በአራተኛው ቀረሁ። ልጁ ጎበዝ ነበር፤ በሰዓቱም ይገኝ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። የጎደለኝ እንቅልፍ ሆኖ ሳለ የገዛሁት አሠልጣኝ ነበር። እርስዎም ከመክፈልዎ በፊት ለሁለት ሳምንት ያችን የቀጠሮ ሰዓት ብቻዎን ይሞክሯት። በዚያች ሰዓት በማሪበርኖንግ ወንዝ ዳር መራመድ ካልቻሉ፣ በዚያችው ሰዓት ከፍለውም አይመጡም።

አራተኛው ጓደኛ ነው። ብዙዎቻችን «አሠልጣኝ ካልጠበቀኝ አልሄድም» የምንለው በእውነቱ ብቻችንን መሄድ ስለሰለቸን ነው። ይህ ከሆነ መፍትሔው ነጻ ነው። ፓርክረን የሚባለው የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫና እርምጃ ቅዳሜ ጠዋት በእኛ አቆጣጠር 2 ሰዓት ላይ በአልበርት ፓርክና በሌሎችም መናፈሻዎች ይደረጋል፤ ምዝገባውም መሳተፉም ያለ ክፍያ ነው። የልብ ፋውንዴሽን የእግር ጉዞ ቡድኖችም እንዲሁ ያለ ክፍያ ናቸው። ከዚህም ሁሉ የሚቀርበው የተራ ጓደኛዎ ነው። ታክሲ ተራ ላይ 40 ደቂቃ ወረፋ ሲጠብቁ ከመኪናው ወርደው ሁለት ሆነው አካባቢውን ቢዞሩ ማን ይከለክላል? ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ሒሳቡን እንደ ነጋዴ ያስሉት

ለሒሳብ ያህል አሠልጣኙ በሰዓት 80 ዶላር ጠየቀ እንበል። በሳምንት ሁለት ጊዜ 160፤ በ50 ሳምንት 8 ሺህ ዶላር ነው። ይህም ግብር ተከፍሎበት ከተረፈዎ ገንዘብ ላይ ነው። «ለሥራዬ ጤና ስለሚያስፈልገኝ ከግብር አስቀንሰዋለሁ» የሚል ሰው ሞልቷል፤ አይሆንም። የአውስትራሊያ ግብር መሥሪያ ቤት የጂምና የአካል ብቃት ወጪን የሚቀበለው ሥራቸው ከተራው እጅግ የላቀ የአካል ብቃት ለሚጠይቅ ጥቂት ሰዎች፣ ለምሳሌ ለሠራዊቱ ልዩ ኃይል አባላት ወይም ለሰርከስ ትርኢተኞች ነው። ሹፌርና ባለሱቅ ከዚህ አይገቡም። በኩባንያዎ ስም ቢከፍሉትም ሌላ ግብር ሊያስከትል ስለሚችል ሒሳብ ሠራተኛዎን ሳያማክሩ አይንኩት።

ስድስት ጊዜ ብቻ ቢቀጥሩት ግን 480 ዶላር ነው። ለወገብዎና ለጉልበትዎ ከዚህ ያነሰ ዋጋ ያለው ትምህርት ያለ አይመስለኝም። የ8 ሺውና የ480ው ልዩነት የአሠልጣኙ ጉብዝና አይደለም፤ እርስዎ የሚያበቃበትን ቀን መወሰንዎና አለመወሰንዎ ነው።

አሠልጣኙም እንደ እርስዎ ነጋዴ ነው። ኤ.ቢ.ኤን. አለው፤ ለጂሙ ኪራይ ይከፍላል፤ ደንበኛ ሲቀርበት ቀኑ ይከስራል። ስለዚህ እንደ ነጋዴ ያነጋግሩት፤ ሲጠይቁት አይፈሩ፣ ሲቀጥሩት አይቅሩበት። በቪክቶሪያ የግል አሠልጣኝ ለመባል የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ካርድ ማሳተም ማንም ይችላል። በሙያው ዘንድ የሚጠበቀው ግን የፊትነስ ሰርተፊኬት 4 ነው። ቀድሞ ፊትነስ ኦስትራሊያ ይባል በነበረው በአውስአክቲቭ የተመዘገበ መሆኑን፣ ፐብሊክ ላያቢሊቲ ኢንሹራንስ ያለው መሆኑን፣ የመጀመሪያ እርዳታ መማሩን ይጠይቁ። መናፈሻ ውስጥ የሚያሠለጥን ከሆነ ደግሞ እንደ ፖርት ፊሊፕ ያሉ ማዘጋጃ ቤቶች ፈቃድ ይጠይቃሉ፤ ፈቃዱን ያሳይዎ። ስለ ጤናዎ አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ የመጀመሪያውን ቀን ብረት የሚያሸክምዎ ከሆነ በዚያው ይሰናበቱት።

ውሉንም የሱቅ ኪራይ ውል እንደሚያነቡ አድርገው ያንብቡት። የሚያበቃበት ቀን ተጽፏል? ቀኑ ሲደርስ ራሱን ያድሳል? ቢታመሙ ወይም አገር ቤት ቢሄዱ ምን ይሆናል? ያልተጠቀሙበት ክፍያ ይመለሳል? ከባንክዎ በቀጥታ የሚቆረጥ ከሆነ እንዴት ይቆማል? እርስዎ ሳይጠሩት ቤትዎ መጥቶ ወይም ስልክ ደውሎ ከ100 ዶላር በላይ የሆነ ውል ያስፈረመዎ ሰው ካለ፣ በሕጉ መሠረት በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ሐሳብዎን የመለወጥ መብት አለዎ። ክርክር ቢነሳ ኮንሲዩመር አፌርስ ቪክቶሪያ ምክር ይሰጣል።

«የአገር ልጅ ነው፤ ወረቀት ምን ያደርጋል?» የሚለውንም እንጠንቀቅበት። የአገር ልጅ መቅጠር መልካም ነው፤ እኔም እደግፋለሁ። ነገር ግን ልጁ በተማሪ ቪዛ ያለ ከሆነ፣ ከጁላይ 2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትምህርት ባለበት ወቅት በሁለት ሳምንት ከ48 ሰዓት በላይ መሥራት አይችልም፤ በራሱ ኤ.ቢ.ኤን. የሠራውም ይቆጠራል። በእጅ እየከፈሉ ከሰዓቱ በላይ ማሠራት ውለታ ሳይሆን በቪዛው ላይ መፍረድ ነው። ኢንሹራንስ ሳይኖረው ጉልበትዎ ቢዞር ደግሞ የሚጎዳው ዝምድናውም ነው።

ኑሮዎን ለማያውቅ ሰው ኑሮዎን አያስረክቡ

አሠልጣኙ ሐበሻ ካልሆነ ስለ አኗኗርዎ ይጠይቅዎ እንደሆነ ያስተውሉ። ክርስቲያኑ በዐቢይ ጾም እህል ሳይቀምስ ይውላል፤ ሙስሊሙ በረመዳን ውኃም አይጠጣም። በጾም ቀን ቀትር ላይ ከባድ ሥራ የሚያዝ አሠልጣኝ ደንበኛውን አያውቅም። ቀጠሮው ወደ ማታ ይዙር፤ ሥራውም ይቅለል። የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከጾሙ በፊት ሐኪሙን ያማክር። «እንጀራ ይተው» ብሎ የሚጀምረውንም አይቸኩሉለት። ጣጣው ብዙ ጊዜ እንጀራው አይደለም፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ፣ ቅቤው ተንሳፎበት፣ በሁለት ዙር ጉርሻ መበላቱ ነው። ከወንድ ጋር መሥራት የማይመቻት እህትም ሴት አሠልጣኝ ብትጠይቅ መብቷ ነው፤ አይፈሩባት።

እንግዲህ ውድ አንባቢ፣ ካርዱን ከመሳቢያው ያውጡት። የታመሙ ከሆነ ካርዱን መልሰው ሐኪምዎ ጋ ይደውሉ። ጊዜ ያጡ ከሆነ መጀመሪያ ሺፍትዎን ያስተካክሉ። ጓደኛ ያጡ ከሆነ የተራ ጎረቤትዎን የመኪና መስኮት ያንኳኩ። የጎደለዎ ዕውቀት ከሆነ ግን ሳይሳቀቁ ይደውሉና እንዲህ ይበሉት፦ «ወንድሜ፣ ስድስት ጊዜ እቀጥርሃለሁ። በስድስተኛው ቀን ያለ አንተ መሥራት እንድችል አድርገህ አስተምረኝ።» ሙያውን የሚያከብር አሠልጣኝ በዚህ አይከፋም። ከተከፋም መልሱን በነጻ አገኙ ማለት ነው።

ሜልቦርን ስንመጣ አብዛኞቻችን ከአንድ ሻንጣና ከጉልበታችን በቀር ይዘን የመጣነው አልነበረም። ሻንጣው ካረጀ ቆይቷል። ጉልበቱን ግን ልጆቻችን ዛሬም ይፈልጉታል።